ምዕራፍ ስድስት፦ ቃልን በወገቡ መያዝ

ኬ የተባለው የእንግሊዝኛ ፊደል የት የት ይበዛል? በቃል መጀመሪያ ወይስ በሦስተኛው ቦታ? አንባቢ ወደሚቀጥለው አንቀጽ ከመሻገሩ በፊት ለራሱ ይመልስ። አብዛኛው ሰው «ኪንግ»፣ «ኪስ»፣ «ኪችን» እያለ በኬ የሚጀምሩትን በቀላሉ ይደረድራል። ሦስተኛ ፊደላቸው ኬ የሆኑትን ሲፈልግ ግን አንዱን ካገኘ በኋላ ሁለተኛው አልመጣ ይለዋል። ስለዚህ በኬ የሚጀምሩት ይበዛሉ ብሎ ይደመድማል።

በ1973 አሞስ ትቨርስኪ እና ዳንኤል ካነማን የተባሉ እስራኤላውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ለ152 ሰዎች አቀረቡ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የጠየቁት ስለ አምስት ፊደላት ነበር፦ ኬ፣ ኤል፣ ኤን፣ አር እና ቪ። ከተጠየቁት 105ቱ ከአምስቱ የሚበዙት ፊደላት በመጀመሪያ ቦታ እንደሚበረክቱ ተናገሩ፤ ሦስተኛውን ቦታ የመረጡት 47 ብቻ ነበሩ። እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው። አምስቱም ፊደላት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ በሦስተኛ ቦታ ላይ ይበዛሉ። «ላይክ»፣ «ሜክ»፣ «ቴክ»፣ «አስክ»፣ «ሌክ»፣ ሁሉም ሦስተኛ ፊደላቸው ኬ ነው፤ ሁሉም የየቀኑ ቃላት ናቸው፤ ግን ሲፈለጉ አይታዩም።

ተመራማሪዎቹ ማሳየት የፈለጉት ሰው ቶሎ የታወሰውን ነገር ብዙ ነው ብሎ እንደሚገምት ነበር። እኔ ግን ከጥናቱ የምወስደው ሌላ ቁም ነገር ነው። ቃላት በአእምሯችን ውስጥ በራሳቸው በኩል ይያዛሉ። በመጀመሪያ ድምፃቸው ወይም በትርጉማቸው ስንጠራቸው ይመጣሉ፤ በወገባቸው ስንጎትታቸው ግን እንቢ ይላሉ። «አምስት ፊደል ያለው፣ በመሐሉ ጂ እና ኤች ያሉበት፣ በቲ የሚያልቅ ቃል አምጣ» የተባለ ሰው በየቀኑ የሚናገረውን ቃል ሊያጣው ይችላል። በርዝመትና በፊደል ቃል መፈለግ ከባድ የሚሆነው ቃላት ስለማናውቅ ነው ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። ችግሩ ያለው በአደራደሩ ነው። ያወቅነው ቃል ሁሉ ለሌላ ዓይነት ጥያቄ ተደርድሮ ተቀምጧል።

መዝገበ ቃላትም ቢሆን ከዚህ አይሻልም። በ1604 ሮበርት ኮድሪ የመጀመሪያውን በእንግሊዝኛ ብቻ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ሲያሳትም የፊደል ቅደም ተከተል ለብዙ አንባቢ እንግዳ ስለነበር፣ ቃሉ በኤ ከጀመረ መጽሐፉን ከመነሻው፣ በቪ ከጀመረ ወደ መጨረሻው ገልጠው እንዲፈልጉ በመግቢያው ላይ ማስረዳት ነበረበት። ዛሬ ያ አደራደር የተፈጥሮ ሕግ እስኪመስል ተለምዷል። ነገር ግን የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እሱም የመጀመሪያውን ፊደል አውቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ንገረኝ የሚለው ነው። የመጨረሻውን ፊደል ብቻ ለሚያውቅ ሰው ያው መጽሐፍ ከፊቱ የተዘጋ ነው።

ይህን የተረዱ ሰዎች መጽሐፉን እንደገና ደረደሩት። ጆን ዎከር በ1775 ያሳተመው መዝገበ ቃላት ቃላትን የደረደረው ከመጨረሻ ፊደላቸው ወደ ኋላ እየቆጠረ ነው። ቤት የሚመታ ቃል የሚፈልግ ገጣሚ በቃሉ ጅራት ብቻ ይዞ እንዲያገኘው ነው የታሰበው። በኋላም በሃያኛው ክፍለ ዘመን የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ተመሳሳይ ሥራ በካርድ ሠሩ። እያንዳንዱ ቃል ከኋላ ወደ ፊት ተገልብጦ በጽሕፈት መኪና እየተጻፈ ከ300 ሺህ የሚበልጡ ካርዶች ተደረደሩ። ሥራው ከ1930ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ቀጠለ። በአንድ ዓይነት ቅጥያ የሚያልቁ ቃላትን በአንድ ላይ ማየት ለፈለገ አዘጋጅ ሌላ መንገድ አልነበረም። ኮምፒውተር ዛሬ በቅጽበት የሚሠራውን ሰዎች በጣታቸው ለአሥርት ዓመታት መሥራታቸውን ሳስብ አክብሮቴ ይጨምራል።

የአማርኛ አንባቢም ይህን ያውቀዋል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ መዝገበ ቃላት (በ1948 ዓ.ም. የታተመውን) የከፈተ ሰው በ«ሀ ለ ሐ መ» ፈንታ በ«አ በ ገ ደ» ተደርድሮ ያገኘዋል። ያን ተራ ያልለመደ አንባቢ ቃሉ መጽሐፉ ውስጥ እያለ ገጽ ሲያገላብጥ ይቆያል። ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድም በአማርኛው መዝገበ ቃላታቸው ያንኑ ተራ ተከትለዋል። በሁለቱም ዘንድ ለፊደል ተራ የተሰጠው ክብደት የሚገባ ነው፤ ተራው የሚወስነው ምን በቀላሉ እንደሚገኝና ምን እንደሚደበቅ ነውና።

ከሁሉም ድፍረት የተሞላበት ድርደራ ግን የተሠራው በስምንተኛው ክፍለ ዘመን በባስራ ነው። አል ኸሊል ኢብን አሕመድ የዐረብኛ ቃላትን ሁሉ አንድም ሳይቀር ለመያዝ አሰበ። ያገኘውን እየለቃቀመ ቢጽፍ የቀረ ነገር መኖሩን በምን ያውቃል? ስለዚህ ከፊደላቱ ተነሣ። ፊደላቱን ከጉሮሮ ጥልቀት ጀምሮ እስከ ከንፈር ድረስ በሚወጡበት ቦታ ደረደራቸው፤ መጀመሪያ ላይ የመጣው ዐይን ስለሆነ መጽሐፉ «ኪታብ አል ዐይን» ተባለ። ከዚያም ሥሮቹን በርዝመታቸው ለየ፤ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት፣ ባለ አራት፣ ባለ አምስት ፊደል። የአንድን ሥር ፊደላት በተቻለው መንገድ ሁሉ እያቀያየረ በአንድ ቦታ አስቀመጣቸው። ሁለት ፊደላት በ2፣ ሦስት በ6፣ አራት በ24፣ አምስት በ120 መንገድ ይደረደራሉ። ከእነዚህ የትኞቹ በሰው አፍ እንዳሉ፣ የትኞቹ ባዶ እንደሆኑ ለይቶ ጻፈ። በእኛ ቋንቋ እንሞክረው፤ ቀ፣ ረ፣ በ የሚሉትን ሦስት ተናባቢዎች ብናቀያይር «ቀረበ»፣ «ቀበረ»፣ «በረቀ» ይወጣሉ። ሦስቱን ቃላት ሁላችን እናውቃቸዋለን፤ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ያየናቸው ግን ስንቶቻችን ነን?

የዛሬ የስክራብል ተጫዋቾች የሚጠቀሙበት ዘዴ የዚሁ የአል ኸሊል ዘመድ ነው። ስክራብል ሰባት የፊደል ቁራጭ ይዞ፣ 15 በ15 ሳጥን ባለው ሰሌዳ ላይ የእንግሊዝኛ ቃል የሚሠሩበት ጨዋታ ነው። ብርቱ ተጫዋች የደረሱትን ፊደላት በመጀመሪያ በኤ ቢ ሲ ዲ ተራ ያስቀምጣል። የሚያጠናውም እንዲሁ ነው፤ የቃሉን ፊደላት በተራ ደርድሮ ያን ድርድር የቃሉ መጠሪያ ያደርገዋል። (እዚህ ላይ ስለ ፊደላት ስም እንስማማ። ኤ የመጀመሪያው ፊደል ነው፣ ኢ አምስተኛው፣ አይ ዘጠነኛው።) ምሳሌ ልስጥ። ኢ-ጂ-ኤን-ኤስ-ዩ የሚል ድርድር ቢደርሰን ምን ቃል ይወጣዋል? አንደኛው «ጂነስ» ነው፤ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት እንስሳትንና ዕፅዋትን ሲመድቡ ከዝርያ በላይ ያለውን ደረጃ የሚጠሩበት ቃል ነው። ሁለተኛው «ኒገስ» ነው፤ ይህ የእኛው «ንጉሥ» ነው፤ የኢትዮጵያ ገዥ መጠሪያ ሆኖ ወደ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የገባ። ሁለቱ ቃላት በትርጉም አይገናኙም፤ በመዝገበ ቃላቱም ውስጥ አንዱ በጂ፣ ሌላው በኤን ሥር ተራርቀው ይኖራሉ። በዚህ ድርድር ግን አንድ ደጃፍ ላይ ይገናኛሉ።

አሁን ወደ ጋዜጣ እንሻገር። ታኅሣሥ 21 ቀን 1913 በኒውዮርክ ወርልድ ጋዜጣ የመዝናኛ ገጽ ላይ፣ የሊቨርፑል ተወላጅ የሆነው አርተር ዊን አልማዝ ቅርጽ ያለው አዲስ እንቆቅልሽ አወጣ። ዛሬ ክሮስወርድ ወይም መስቀለኛ ቃላት የምንለው ያኔ ተወለደ። በመስቀለኛ ቃላት ርዝመቱ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፣ ሳጥኖቹ ይቆጠራሉ፤ ፊደላቱ ደግሞ ከሚያቋርጡት ቃላት ይገኛሉ። በአሜሪካ ወግ እያንዳንዱ ፊደል የሁለት ቃላት ንብረት ነው፤ አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ታች። በእንግሊዝ ወግ ግን ከቃሉ ፊደላት ግማሽ ያህሉ ብቻ ይቋረጣሉ፤ ቀሪዎቹን ፈቺው ከፍንጩ ብቻ ማግኘት አለበት። ለዚህ ነው የእንግሊዙ ሰሌዳ በጥቁር ሳጥን የተሞላው።

መስቀለኛ ቃላት እንዲያው መኖራቸው ራሱ ማብራሪያ ይፈልጋል። ክሎድ ሻነን በ1948 በቤል ላቦራቶሪ ሆኖ የመረጃን ሒሳብ ሲመሠርት ይህን ነገር በጥቂት አረፍተ ነገሮች ነክቶት አልፏል። ማንኛውም የፊደላት ድርድር ቃል የሚሆንበት ቋንቋ ቢኖር፣ ማንኛውም በፊደል የተሞላ ሰሌዳ መስቀለኛ ቃላት ይሆን ነበር፤ ነገር ግን አንዱ ፊደል ስለ ሌላው ምንም አይነግረንም ነበር። ቋንቋው በትርፍ ፊደል ከልክ በላይ ቢሞላ ደግሞ ቃላቱ እርስ በርስ ለመቋረጥ አይመቹም፤ ሰሌዳው አይሞላም። እንግሊዝኛ ከሁለቱ መካከል ነው። ቁጥሩን እንየው። በ26 ፊደላት አምስት ሳጥን መሙላት የሚቻለው በ11,881,376 መንገድ ነው። ባለ አምስት ፊደል ቃል የሚፈለግበት የዎርድል ጨዋታ (ወደ እሱ እንመለሳለን) በመጀመሪያው ዝርዝሩ ቃል ብሎ የሚቀበለው 12,972 ነበር። ከ900 ድርድር አንዱ ብቻ ቃል ነው ማለት ነው። ሰፊው ባዶነት ነው ፈቺውን የሚረዳው። አንድ ፊደል ሲታወቅ አብዛኛው መንገድ ይዘጋል፤ የተረፈው ጥቂት ነው።

የመንገድ መዘጋት ራሱ ዕውቀት መሆኑን የሚያሳይ ትልቅ ምሳሌ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት አለ። በጥር 1942 ዴይሊ ቴሌግራፍ የተባለው የለንደን ጋዜጣ መስቀለኛ ቃላቱን በ12 ደቂቃ ውስጥ መፍታት የሚችሉ ሰዎችን ጋብዞ ነበር፤ ከተሳታፊዎቹ ጥቂቶቹ በኋላ በብሌችሊ ፓርክ ለሚስጥር ፈቺነት ተጠሩ። በዚያ የሚፈታው ኤኒግማ የተባለው የጀርመኖች የሚስጥር መጻፊያ መሣሪያ አንድ ድክመት ነበረው፤ ማንኛውንም ፊደል ወደ ራሱ አይለውጥም። ፈቺዎቹ በመልእክቱ ውስጥ ይኖራል ብለው የገመቱትን ቃል፣ ለምሳሌ የአየር ሁኔታ ማለት የሆነውን «ቬተር»፣ ከተመሰጠረው ጽሑፍ ሥር እያንሸራተቱ ያስተያዩት ነበር። አንድ ፊደል እንኳ ከላዩ ካለው ጋር ከገጠመ ቃሉ እዚያ ቦታ ላይ የለም ማለት ነው። ትክክለኛውን ቦታ ያገኙት የማይሆነውን እየሰረዙ ነው።

ፊደላት እኩል አይደሉም። ይህን ለማወቅ ቆጠራ ያስፈልጋል፤ ቆጠራውም ከኮምፒውተር እጅግ ይቀድማል። የሳሙኤል ሞርስ ባልደረባ የነበረው አልፍሬድ ቬይል የቴሌግራፉን ምልክቶች ሲያከፋፍል፣ በኒው ጀርሲ ሞሪስታውን ወደሚገኝ ማተሚያ ቤት ሄዶ አታሚዎች ከእያንዳንዱ ፊደል ስንት የብረት ቅርጽ እንደሚይዙ እንዳየ ይነገራል። ኢ አንዲት ነጥብ፣ ቲ አንዲት ሰረዝ ብቻ የሆኑት በጽሑፍ ውስጥ ስለሚበዙ ነው። አንድ ክፍለ ዘመን ገደማ ቆይቶ በኢኮኖሚ ድቀት ሥራ ያጣው አርክቴክት አልፍሬድ ቡትስ ስክራብልን ሲፈጥር የኒውዮርክ ታይምስን የፊት ገጽ ይዞ ፊደላት ቆጠረ። ከ100 ቁራጮች 12ቱን ለኢ፣ ለኤ እና ለአይ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰጠ፤ ለኪው እና ለዜድ አንድ አንድ ብቻ። ኤስን ግን አራት ላይ አቆመው። ብዙ ቢሆን ኖሮ ማንኛውንም ስም ወደ ብዙ ቁጥር እየለወጡ ነጥብ መሰብሰብ በቀለለ ነበር። ቁጥር ብቻ ሳይሆን ማስተዋልም ያለበት ሥራ ነው።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። በጽሑፍ ውስጥ የሚበዛ ፊደል ሁሉ በቃላት ዝርዝር ውስጥ አይበዛም። ኤች በጽሑፍ ውስጥ በጣም ይበዛል፤ «ዘ»፣ «ዛት»፣ «ሂ»፣ «ሃቭ» የሚሉት ጥቃቅን ቃላት በየመስመሩ ስለሚመላለሱ ነው። በዝርዝር ውስጥ ግን እያንዳንዱ ቃል አንዴ ብቻ ይቆጠራል፤ ያን ጊዜ ኤች ወደ ኋላ ይቀራል። ባለ አምስት ፊደል ቃል የሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው የዝርዝሩ ቆጠራ ነው። በዎርድል መልሶች ውስጥ የሚበዙት ኢ፣ ኤ፣ አር፣ ኦ፣ ቲ፣ ኤል፣ አይ፣ ኤስ፣ ኤን እና ሲ ናቸው፤ ኢ ብቻውን ከግማሽ ብዙም በማያንሱት ቃላት ውስጥ አለ። ፊደል የሚወደው ቦታም አለው። ኤስ መጀመር ይወዳል፣ ኢ እና ዋይ መጨረስ።

ዎርድልን የሠራው በብሩክሊን ይኖር የነበረው የዌልስ ተወላጅ የሶፍትዌር መሐንዲስ ጆሽ ዎርድል ነው፤ ለፍቅረኛው ለፓላክ ሻህ። 12 ሺህ ገደማ ከሆኑት ባለ አምስት ፊደል ቃላት ሰው የሚያውቃቸውን የለየችው እሷ ነበረች፤ መልስ የሚሆኑት 2,315 ያህል ቀሩ። በጥቅምት 2021 ለሕዝብ ተከፈተ። በኅዳር መጀመሪያ 90 ሰው ይጫወተው ነበር፤ በጥር መጀመሪያ 300 ሺህ፤ ወሩ ሳያልቅ ኒውዮርክ ታይምስ ገዛው። ደንቡ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። በስድስት ሙከራ አንድ ቃል ይፈለጋል፤ ፊደሉ በቦታው ካለ አረንጓዴ፣ በቃሉ ውስጥ ሆኖ ቦታው ሌላ ከሆነ ቢጫ፣ ከሌለ ግራጫ ይሆናል።

አምስት ሳጥኖች በሦስት ቀለም 243 ዓይነት መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። ጥሩ ሙከራ ማለት ዝርዝሩን በእነዚህ መልሶች መካከል በእኩልነት የሚበትን ነው። ብዙ ተጫዋቾች «አዲው» በሚለው ቃል መጀመር ይወዳሉ፤ ከአምስቱ ፊደላት አራቱ አናባቢ ስለሆኑ ነው። እኔ አልመክረውም። አናባቢዎች በብዙ ቃላት ውስጥ ስለሚገኙ አንድን ቃል ከሌላው አይለዩም፤ የሚለዩት ተናባቢዎች ናቸው። በመጀመሪያው ዝርዝር ላይ በኮምፒውተር ተሰልቶ ከሁሉ የበለጠው መነሻ «ሳሌት» (ኤስ-ኤ-ኤል-ኢ-ቲ) ሆኖ ተገኝቷል፤ በአማካይ በ3.42 ሙከራ መልሱ ላይ ያደርሳል። ሳሌት የአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ወታደሮች የሚደፉት የብረት ቆብ ነው። የቃሉን ትርጉም ከብዙ ተጫዋቾች ጥቂቱ ነው የሚያውቀው፤ ለዚህ ሥራ ግን ትርጉሙ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ዝርዝሩን የሚከፋፍልበት ስለት ነው።

አሁን ቀደም ብለን ወዳነሣነው፣ በመሐሉ ጂ እና ኤች ስላሉበት ቃል ወደሚጠይቀው ጥያቄ እንግባ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው እሱ ነውና። ሁለት ሙከራ አልቆ የመጨረሻዎቹ አራት ፊደላት አይ-ጂ-ኤች-ቲ መሆናቸው ታወቀ እንበል። ተጫዋቹ ደስ ይለዋል፤ አንድ ፊደል ብቻ ቀረው። ነገር ግን «ኤይት»፣ «ፋይት»፣ «ላይት»፣ «ማይት»፣ «ናይት»፣ «ራይት»፣ «ሳይት»፣ «ታይት» ሁሉም ይገጥማሉ፤ ብርቅ የሆኑትን ትተን ስምንት ናቸው። የቀሩት ሙከራዎች አራት ናቸው። አንድ በአንድ የሚሞክር ሰው የማግኘት ዕድሉ ግማሽ ነው። ከአምስት ፊደል አራቱን በቦታቸው አውቆ ግማሽ ዕድል!

መውጫው መልስ እንደማይሆን እያወቁ ሌላ ቃል መጻፍ ነው። «ትሬንድ» ብለን እንጻፍ፤ ቲ-አር-ኢ-ኤን-ዲ። አር ቢጫ ከሆነ መልሱ «ራይት» ነው። ኢ ቢጫ ከሆነ «ኤይት»፣ ኤን ቢጫ ከሆነ «ናይት»። ቲ በስምንቱም ቃላት መጨረሻ ላይ ስላለ ሁልጊዜ ቀለም ይኖረዋል፤ ነገር ግን አረንጓዴ የሚሆነው መልሱ «ታይት» ሲሆን ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱም ካልሆነ አራቱ በአንድ ጊዜ ወደቁ፤ የቀሩት «ፋይት»፣ «ላይት»፣ «ማይት»፣ «ሳይት» ናቸው። ቀጥለን «ፊልምስ» እንጽፋለን፤ ኤፍ-አይ-ኤል-ኤም-ኤስ። ኤፍ አረንጓዴ ከሆነ «ፋይት»፤ ኤል፣ ኤም ወይም ኤስ ቢጫ ከሆነ የየራሱ ቃል ይታወቃል። በሁለት ጥያቄ ስምንቱም ተለዩ፣ በአምስተኛው ሙከራ መልሱ በእርግጠኝነት ይጻፋል፤ አንዱ ሙከራ ይተርፋል። ይህን የሚከለክለው ጨዋታው ውስጥ ያለው ከባዱ ደንብ ብቻ ነው፤ እሱ የተገኘ ፊደል ሁሉ በቀጣዩ ሙከራ እንዲገባ ያስገድዳል።

እነዚህ ስምንት ቃላት በአንድ ጅራት የተሰለፉት በአጋጣሚ አይደለም። ጂ እና ኤች በአንድ ወቅት ይነገሩ ነበር፤ ከጉሮሮ አካባቢ የሚወጣ፣ ዛሬም በጀርመንኛ «ናኽት» እና «ሊኽት» ውስጥ የሚሰማ ድምፅ ነበራቸው። ዊልያም ካክስተን በ1476 የማተሚያ መሣሪያ ወደ እንግሊዝ ካመጣ በኋላ አጻጻፉ እየረጋ ሄደ፤ ድምፁ ግን ከአብዛኛው ሰው አፍ ጠፋ። እኛ ይህን ከሌሎች ይልቅ እንረዳዋለን። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆኖ በጽሑፍ ግን ተለያይተው ይኖራሉ፤ የግእዝን ዘመን ይዘው የቆዩልን እነሱ ናቸው። በድምፅ ብቻ የሚመራ የእንግሊዝኛ ተማሪ «ናይት»ን ሲሰማ ሦስት ፊደል ይቆጥራል፤ ሳጥኑ ግን አምስት ነው። በርዝመት ቃል የሚፈልግ ሰው ጆሮውን ትቶ በዓይኑ ማስታወስ ይኖርበታል።

የቋንቋው ባሕርይ የሚሰጣቸው ሌሎች ፍንጮችም አሉ፤ ባጭሩ ልጥቀሳቸው። የእንግሊዝኛ ቃል በሦስት ተናባቢ ድምፅ ከጀመረ የመጀመሪያው ኤስ ነው፤ «ስትሪት»፣ «ስፕሪንግ»፣ «ስክሪን»። ሲ-ኬ እና ኤን-ጂ ቃል ይዘጋሉ እንጂ አይከፍቱም። ኪው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ዩን ያስከትላል። ዩን ከማያስከትሉት ባለ አምስት ፊደል ቃላት ውስጥ «ቡርቃ»፣ «ኒቃብ»፣ «ፋቂር»፣ «ጠላቅ» ይገኙበታል፤ እነዚህ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው፤ ኪው በእነሱ ውስጥ የቆመው ለእኛ ቀ ቅርብ ለሆነው ድምፅ ነው።

የዎከር የተገለበጠ መጽሐፍና የሜሪያም ካርዶች የሠሩትን ሥራ በአንድ መስመር የጠቀለለው ኬን ቶምፕሰን ነው። በ1973፣ ሻነን በሠራበት በዚያው በቤል ላቦራቶሪ፣ «ግሬፕ» የተባለውን ፕሮግራም አበረከተ። በግሬፕ ውስጥ አንዲት ነጥብ ማንኛውንም ፊደል ትወክላለች። የመስመር መጀመሪያ ምልክት፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ጂ-ኤች-ቲ፣ በመጨረሻም የመስመር መዝጊያ ምልክት ቢጽፉና የቃላት ፋይል ቢሰጡት፣ ባለ አምስት ፊደል ሆነው በእነዚህ ሦስቱ የሚያልቁትን ሁሉ ያወጣል። ስምንቱ ዘመዶቻችን ይመጣሉ፤ ከመካከላቸውም ማንም ያላሰበው «አውት» (ኦ-ዩ-ጂ-ኤች-ቲ) ብቅ ይላል። መሣሪያው ራስና ጅራት አያበላልጥም። ለእሱ ሦስተኛው ፊደል ከመጀመሪያው እኩል ቅርብ ነው፤ የካነማን እና የትቨርስኪ ጥያቄ ፈጽሞ አያስቸግረውም።

ሰውስ እንዲህ ሊሠለጥን ይችላል? በ2015 የኒውዚላንድ ተወላጁ ናይጀል ሪቻርድስ በቤልጂየም የተደረገውን የፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ውድድር አሸነፈ። ፈረንሳይኛ አይናገርም። የተማረው ቃላቱን ብቻ ነበር፤ ትርጉማቸውን ሳይሆን ፊደላቸውንና ርዝመታቸውን። በ2024 ደግሞ በግራናዳ የስፓንኛውን ውድድር በተመሳሳይ መንገድ አሸነፈ።

በዚያው በ2015 ኅዳር ላይ በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ በተካሄደው የእንግሊዝኛ የዓለም ውድድር ያሸነፈው የናይጄሪያው ዌሊንግተን ጂገር ነው፤ ለአፍሪካ የመጀመሪያው። በስክራብል ሰባቱንም ቁራጭ በአንዴ ለሚጨርስ 50 ነጥብ ስለሚጨመር ብዙ ተጫዋቾች የሚያሳድዱት ረጃጅም ቃል ነው። ናይጄሪያውያኑ ግን ባለ አራትና ባለ አምስት ፊደል ቃላትን በጥልቀት አጥንተው መጡ። አጭር ቃል የሚጽፍ ተጫዋች ጥሩ ፊደላቱን ለቀጣዩ ተራ ያስቀራል፤ ለተቃዋሚው ረጅም ቃል የሚያስገባበት ክፍት ቦታም አይተውለትም። ጂገር በፍጻሜው የእንግሊዙን ሉዊስ ማኬይን 4 ለ 0 ረታ፤ በመጨረሻው ጨዋታ ከጻፋቸው ቃላት አንዱ «ፌልቲ» ነበር፤ ኤፍ-ኢ-ኤል-ቲ-ዋይ፣ አምስት ፊደል፣ 36 ነጥብ።